የመምህር ይገዙ አንገት

መምህር ይገዙ አንገቱ ላይ እንቅርት ማብቀሉን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሊነግረው ይሽቀዳደም ነበር። ዓይነ ስውር ስለሆነ አላወቀም ብለው ነው፤ ምን ያድርጉ፣ ለደግ ብለው ነው። እሱ ግን ከማንም ቀድሞ አውቋል። ሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ብሬል ሲያስተምር ፀጉሩ የሸበተ፣ መጽሐፍ በጣቱ የሚያነብ ሰው፣ የገዛ አንገቱ ላይ የበቀለውን ነገር ከጎረቤት አይሰማም። መጀመሪያ የሽምብራ ፍሬ ታህል ነበር። ቆይታ ሎሚ አከለች። ከዚያ በኋላ የሸሚዙን ኮሌታ መቆለፍ አቃተው።

አያመውም፣ አያሳክከውም፣ ዝም ብሎ ያድጋል። ችግሩ የትንፋሹን መንገድ መጫኑ ነው። በጀርባው ሲተኛ ይታፈናል፤ ክፍል ውስጥ ሲያነብ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት ቦታ ቆራርጦ ነው የሚጨርሰው። አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ሄዶ ተመረመረ። በቀጭን መርፌ ናሙና ወሰዱ፤ ካንሰር አይደለም ተባለ። ደግመው አዩት፣ አሁንም አይደለም። ይገዙ እፎይ ብሎ ሊነሣ ሲል ቀዶ ሐኪሙ፣ «ቢሆንም እየተጫነዎት ስለሆነ ቀደን እናወጣዋለን» አሉት።

«አደጋ አለው?»

«ያን ያህል የለውም። ድምፅ የሚያወጣልን ነርቭ ከዕጢው ጀርባ ነው የሚያልፈው። አልፎ አልፎ እሱ ይነካና የሰው ድምፅ ይጎረንናል» አሉ ሐኪሙ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ለዓይናማ ሰው ቀላል ሊሆን ይችላል። ይገዙን ቤት የምትጠብቀው ግን ኤልሳቤት ናት፤ ኤልሳቤትም አታይም። እሱ ከከምባታ፣ እሷ ከሀድያ፣ ልጅ ሆነው ወደዚያው ትምህርት ቤት መጥተው እዚያው ተዋወቁ፣ እዚያው ተጋቡ። የባሏን አፍንጫና ቁመት በእጇ ታውቀዋለች፤ መልኩ ግን ድምፁ ነው። ሌላዋ ሴት ባሏ ከሩቅ ሲመጣ አይታ ፊቷ ይፈካል፤ የኤልሳቤት ፊት የሚፈካው በር ላይ ሲናገር ነው። ተማሪዎቹም እንደዚያው። ከእናቱ ጉያ ወጥቶ አዲስ የመጣ ሕፃን ከግቢው ሁሉ መጀመሪያ የሚለየው የመምህር ይገዙን ድምፅ ነው። እንግዲህ ይህን ድምፅ ሆስፒታል ጥሎት ቢመለስ፣ ማን ሆኖ ነው ቤቱ የሚገባው?

«ፊቴን ቀይረው ሊልኩኝ ነው» አላት ለኤልሳቤት። ፈርቶ ነበር፤ መፍራቱንም አልደበቃትም።

ቡራዩ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ እንቅርት ሳትቀድ የምታክም ዶክተር አለች የሚለውን ወሬ ያመጣለት አንድ የሥራ ባልደረባው ነው። ነገሩ የተባለው በክረምት ነው። ይገዙ ሄደ። ዶክተር ሐኒ ወጣት ናት፤ ጫማዋ ድምፅ የለውም፣ ስትናገር አትቸኩልም። አንገቱን መረመረችና እንዲህ አለችው።

«የአንዳንዱ ሰው እብጠት ጠጣር ነው። ለእሱ ውጭ አገር በመርፌ ጫፍ ሙቀት ልከው ከውስጥ ያቃጥሉታል፤ ኮሪያ ስማር በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ጋ ግን መሣሪያው የለም። የእርስዎ ግን ውሃ የቋጠረ ነው፤ ዕድለኛ ነዎት። ውሃውን በመርፌ እቀዳዋለሁ። ተመልሶ እንዳይሞላ ደግሞ ውሃውን የሚያመነጨውን ሽፋን የሚያደርቅ አልኮል በዚያው መርፌ እጨምርበታለሁ። ምላጭ የለ፣ ስፌት የለ፤ በዚያው ቀን ቤትዎ ይገባሉ።»

«ምንድን ነው የሚጨምሩበት?»

«አልኮል። ንጹሕ አልኮል።»

እዚህ ላይ ነው ነገር የተበላሸው። ይገዙ ተነሣ፣ በትሩን ያዘ፣ አመስግኖ ወጣ።

ይገዙ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ጴንጤ ነው፣ ያውም የድሮ ጴንጤ። ጠላ በተጠጣበት ብርጭቆ ውሃ አይጠጣም። ጠጅ ቤት ተገኘ የተባለ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ከቅዱስ ቁርባን ይታገድ ሲባል መጀመሪያ እጁን ያወጣው እሱ ነበር። አሁን ራሱ ሄዶ አልኮል አንገቱ ውስጥ ሊያስጨምር ነው? ጉዳዩን ለሽማግሌዎች ጉባኤ አቀረበ። እነሱም፣ እግዚአብሔር ይስጣቸውና፣ በቁም ነገር ያዙት። አንዱ «ለመድኃኒት እኮ ነው» ሲል ሌላው «ሰካራም ሁሉ የሚጀምረው ለመድኃኒት እያለ ነው» ይላል። እንጸልይበት ተባለ። ተጸለየ። ደግሞ እንሰብሰብ ተባለ። ክረምቱ ወጣ፣ መስቀል አለፈ፣ እንቅርቱ ግን ጉባኤው እስኪያልቅ የሚጠብቅ አልሆነም።

ኤልሳቤት ይህን ሁሉ ጊዜ ታገሠች። አንድ ቀን ምሳ ላይ ይገዙ ጎርሶ ሲታነቅ፣ ጀርባውን እየመታች ያዳነችው ጊዜ ግን ትዕግሥቷ አለቀ።

«ስማ አንተ ሰውዬ! ያ አልኮል በጉሮሮህ ነው እንዴ የሚወርደው? ከጉሮሮህ ውጪ ነው! ነርሷ ስትወጋህ ክንድህን የምትጠርግበትስ ምንድን ነው? ያን ቀን ሰክረህ ገባህ? እናንተ ስትሰበሰቡ ባሌ በምራቁ ሊሞትብኝ ነው!»

ይህንኑ በሚቀጥለው ጉባኤ ላይ ሳትጠራ ገብታ ደገመችው። ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ። ይገዙ ወደ ቡራዩ ደወለ። ዶክተር ሐኒ «ይምጡ» አለችው፣ «ግን ለትምህርት ልሄድ ነው። የፊታችን ሐሙስ እዚህ የመጨረሻ ቀኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ ይህን የሚሠራልዎ ሰው አላውቅም።»

ወሩ ታኅሣሥ ነበር፤ የ2008 ታኅሣሥ። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር ያያይዛል የተባለው ማስተር ፕላን አገሩን ያስነሣበት ወር። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ገበሬው መሬቴ ሊሄድ ነው እያለ፣ ወጣቱ አደባባይ እየወጣ፣ መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይዘጋል። ተኩስ ይሰማል። ከተኩሱ በኋላ ደግሞ ከአንዱ ቤት ለቅሶ ይሰማል፤ ይገዙን የሚያመው ይኸኛው ነበር። በዚህ መሃል አንድ ዓይነ ስውር ከሰበታ ቡራዩ ልሂድ ቢል እብድ ይባላል።

«እኔ እወስድሃለሁ» አሉት ኦቦ ጎበና፣ አጥር የሚጋራቸው ጎረቤቱ። ጤፍ የሚዘሩባት መሬታቸው ከተማው ዳር ላይ ናት፤ ስለ ፕላኑ ሲወራ መቀመጥ አይችሉም።

«አንቱ ይቅርብዎ፣ ቀኑ ጥሩ አይደለም።»

«ቀኑ ጥሩ ባይሆንስ? አንገትህ ጥሩ ቀን ይጠብቃል? ተነሥ ነው የምልህ!»

ሐሙስ ጠዋት ሄዱ። ሚኒባሱ ዓለም ገና አካባቢ ሲደርስ ቆመና ሹፌሩ «ውረዱ፣ ከዚህ አያሳልፉም» አለ። ይገዙ ያን የጅማ መንገድ በጆሮው ያውቀዋል፤ የከባድ መኪናውን ጩኸት፣ የረዳቱን ጥሪ፣ የባጃጁን ጡሩምባ። ያን ቀን አንዱም አልነበረም። የጎማ ጭስ ጉሮሮውን ያዘው፤ ባለችው ጠባብ መተንፈሻ ላይ ጭስ ሲጨመርበት ቆሞ ቀረ። ኦቦ ጎበና በክንዱ ደገፉት።

«ኤሳ ዴምቱ?» አለ አንድ የወጣት ድምፅ ከፊት ለፊት። ወዴት ነው የምትሄዱት ማለቱ ነው።

«ገረ ሐኪማ» አሉ ኦቦ ጎበና። ወደ ሐኪም።

«ዛሬ ሁሉም ሰው ሐኪም ቤት ነው የሚሄደው» አለ ሌላው በአማርኛ፣ እያፌዘ። «ተመለሱ።»

ኦቦ ጎበና ያን ጊዜ የተናገሩት ኦሮምኛ ፈጣን ነበር፤ ይገዙ ለብዙ ዓመት ጎረቤታቸው ሆኖ እንዲያ ሲቆጡ ሰምቷቸው አያውቅም። መሬቱ የእናንተ ብቻ ነው ወይ፣ እኔም አርስበታለሁ፤ ይህ ሰው ግን የድሃ ልጅ ሲያስተምር የኖረ በርሲሳ፣ መምህር ነው፣ አንገቱን እዩት፣ እዚህ ታፍኖ ቢሞት ማን ላይ ታሳብባላችሁ ነው ነገሩ። ወጣቶቹ ዝም አሉ። አንገቱን እያዩት መሆኑን ይገዙ ከዝምታቸው አወቀ። ከዚያ አንድ እጅ እጁን ያዘው፤ ጎማ ጎማ የሚሸት፣ ሻካራ እጅ።

«ደርባ። እለፉ። ቀስ ይበሉ በርሲሳ፣ እዚህ ጋ ድንጋይ አለ። እግርዎን ከፍ ያድርጉ። አሁን ወደ ግራ።»

ድንጋዩን የደረደረው ያ እጅ ሳይሆን አይቀርም። አንድ በአንድ የሚያውቀው ይመስል ነበርና። ከድንጋዩ ወዲያ ማዶ አድርሷቸው «ነጋን ገላ»፣ በሰላም ግቡ ብሎ ተመለሰ። ይገዙ ስሙን ሳይጠይቀው መቅረቱ ቆጨው።

አየር ጤና ድረስ በእግር፣ ከዚያ በታክሲ አስኮ፣ ከአስኮ ደግሞ ይዞን ይሂድ ብለው የለመኑት አንድ የጭነት መኪና ቡራዩ አደረሳቸው። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። የክሊኒኩን በር የከፈተችው ነርሷ ኤዶም «መጡ!» ብላ ወደ ውስጥ ጮኸች። ዶክተር ሐኒ ዕቃዋን ጠቅልላ ጨርሳ ነበር። «አይመጡም ብዬ ነበር» አለች። «ግን መሄድ አልቻልኩም።»

አስተኙት። ቀዝቃዛ ቅባት አንገቱ ላይ ፈሰሰ፤ አንድ ለስላሳ ነገር ቅባቱ ላይ ይንሸራተት ጀመር። ኦቦ ጎበና ለምነው ገብተው እግሩ በኩል ቆሙ፣ ምንም እንዳይነኩ ተነግሯቸው።

«ዶክተር፣ በምንድን ነው ውስጤን የሚያዩት?» አለ ይገዙ። «ቆዳዬ እኮ አልተከፈተም። በመብራት ነው?»

«መብራት የለውም። በድምፅ ነው።»

ይገዙ ያልሰማ መሰለው። «በምን?»

«በድምፅ። ይቺ መሣሪያ የሰው ጆሮ የማይሰማው ቀጭን ድምፅ ወደ ውስጥ ትልካለች። ድምፁ ሥጋ ሲያገኝ ነጥሮ ይመለሳል። ውሃ ሲያገኝ ዝም ብሎ ያልፋል፣ አይመለስም። የተመለሰውን ሰብስባ ሥዕል ታደርግልኛለች። እኔ የማየው የገደል ማሚቶ ነው።»

እሱ ዕድሜውን ሙሉ ሲሄድ የኖረው በዚሁ መንገድ ነው። ኮሪደሩ ላይ በትሩን ጠቅ ያደርጋል፤ ድምፁ ከተመለሰ ግድግዳ ነው፣ ካልተመለሰ በሩ ክፍት ነው። አዲስ ለሚመጡ ሕፃናት ከብሬል በፊት የሚያስተምራቸው ይህንኑ ነው፤ ቁሙ፣ አጨብጭቡ፣ አዳምጡ። ዓይናማው ዓለም ይህን ችሎታ የምስኪን መላ አድርጎ ሲያዝንለት ኖሯል። ለካስ ዓይን የማይደርስበት ቦታ ሲገጥማቸው ሐኪሞቹም የሚሄዱት እንደሱው ነው! ሥጋው ውስጥ፣ ጨለማው ውስጥ፣ ይቺ የተማረች ልጅ ድምፅ እየላከች መልሱን እየጠበቀች ነው። ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ መጡበት፤ የመጀመሪያ ቀን ጸሎት ቤት ሲገባ ብቻ ነበር እንዲህ የተሰማው።

«እንግዲያውስ አምንዎታለሁ» አላት። «ይህን መንገድ አውቀዋለሁ።»

የሚያደነዝዝ መርፌ ወጋችው። ከዚያ አስጠነቀቀችው። ዋናው መርፌ ውስጥ እያለ መዋጥ የለም፣ ማሳል የለም፣ መናገር የለም፤ እኔ ይናገሩ ስል ብቻ። ይገዙ እንደ ድንጋይ ጸጥ አለ። ያን ጊዜ የመሣሪያዋን ስክሪን እያዩ ዓይን የሆኑት ኦቦ ጎበና ናቸው። ዝም በሉ የሚላቸውም አልነበረም።

«መምህር፣ አንገትህ ውስጥ ጥቁር ኩሬ አለ! ዋቀዮ! አምላኬ! መርፌዋ ትታያለች፣ ነጭ ናት፣ ትመጣለች፣ ትመጣለች። ገባች! ኩሬው ውስጥ ገባች! እየጎደለ ነው። በማርያም እየጎደለ ነው! ዳርና ዳሩ ሊገናኝ ነው!»

ይገዙም ይሰማው ነበር። ሕመም አይደለም። የለመደው ሸክም ከውስጥ እየቀለለ ነው። አየር ሳይጠራው ገባ። ለዓመታት ተጣብቆ የኖረ የትንፋሹ መንገድ ሰፋ። እንባው በጆሮው በኩል ወረደ፤ ማበስ አይችልም፣ እጁ እንዳይንቀሳቀስ ተነግሮታል።

«ምን ዓይነት ነው ውሃው?» አሉ ኦቦ ጎበና።

«ጠላ ነው የሚመስለው» አለች ኤዶም፣ ምንም ሳታስብ።

«ጠላ!» አሉ ኦቦ ጎበና። «መምህር፣ ለካ በድብቅ ስትጠነስስ ነው የኖርከው! ሽማግሌዎቹ ይስሙህ!»

«እባክዎ አያስቁት!» አለች ዶክተር ሐኒ፤ ራሷ ግን ሳቋ እያመለጣት ነበር። ይገዙ ሳቁን ሆዱ ውስጥ አፈነው፤ ከዚያ በላይ የከበደው ነገር በዚያ ቀን አልነበረም።

ከዚያ የአልኮሉ ተራ ደረሰ። «ሊያቃጥልዎ ይችላል» አለችው። አቃጠለው፤ ከአንገቱ ወደ መንጋጋው፣ ከመንጋጋው ወደ ጆሮው ወጣ። ጥርሱን ነክሶ ቻለው። ቆየት ብላ መርፌዋን አወጣችና ቦታውን በጥጥ ያዘች።

«አሁን ይናገሩ። ድምፅዎን ልስማ።»

ይገዙ አልተናገረም። ፈራ። እስከዚህ ድረስ የመጣው ይህን ለማትረፍ ነው፤ አሁን አፉን ቢከፍትና ሌላ ሰው ቢወጣስ? ዝም እስካለ ድረስ አለው። ዶክተር ሐኒ እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ ጠበቀችው።

«አለሁ» አለ በመጨረሻ፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

«ጥሩ ነው» አለች። «ነርቩ አልተነካም፤ እኔ እንደሰማሁት ደህና ነው። ዛሬ ግን ቤትዎ እስኪደርሱ ብዙ አይናገሩ። ትንሽ ተመልሶ ሊሞላ ይችላል፤ አዲስ አበባ የሚያይዎት ጓደኛዬ አለ፣ ነግሬዋለሁ።» ከዚያ አንድ ነገር መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። መርፌው የቀዳውን የያዘ የፕላስቲክ ሲሪንጅ ነው። ገና ይሞቃል። የገዛ ገላው ሙቀት ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት ያነቀው ነገር አሁን መዳፉ ላይ ተኝቶ ምንም ሊያደርገው አይችልም። ይገዙ አልመልስም ያለ ይመስል ጨብጦት ቆየ። ሌላው እጁ ወደ አንገቱ ሄደ። ጥጥ፣ ፕላስተር፣ ከዚያ ቆዳ፤ ሎሚዋ የለችም። ጣቶቹ ፈልገው ፈልገው አጧት። ምስጋና ሊያቀርብ ፈለገ፤ ግን ብዙ አትናገር ተብሏል። የዶክተሯን እጅ ፈልጎ ያዘና ግንባሩን አስነካው።

በመንገድ ሁሉ ዝም አለ። ከሰዓት በኋላ የዓለም ገናው ድንጋይ ዳር ዳር ተነሥቶ መኪና ቀስ እያለ ያልፋል፤ ማን እንዳነሣው፣ በምን እንዳነሣው ኦቦ ጎበና ጠይቀው የነገራቸው የለም። እሳቸውም ያዩትን ኩሬ ለሚኒባሱ ሰው ሁሉ ሲናገሩ መጡ፤ አንዳንዱ አመናቸው፣ አንዳንዱ ሳቀ። ይገዙ አየር ሲስብ፣ ሲያወጣ፣ ሲስብ ነበር። እንዲህ ቀላል ሥራ መሆኑን ረስቶት ነበር።

ሰበታ ሲደርሱ ጀንበር ገና አልጠለቀችም፤ በሩ ሁሉ ግን ከውስጥ ተቀርቅሯል። ይገዙ የቤቱን ቆርቆሮ በር አንኳኳና ደስታው አፉን ከፈተለት።

«ኤልሲ ክፈቺ እኛ ነን ኦቦ ጎበናም አብረውኝ ናቸው መንገዱም ሰላም ነው ሁላችንም ደህና ገብተናል!»

ከውስጥ ኮቴ መጣ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ማን ልበል?» አለች ኤልሳቤት። ለማታውቀው ሰው የምትናገርበት ድምፅ ነው።

ኦቦ ጎበና «አንቺ!» ብለው ሊጮኹ ሲሉ ይገዙ ክንዳቸውን ያዛቸው። ይኸው መጣ፤ የፈራሁት መጣ አለ በልቡ። ዶክተሯ ደህና ነው ያለችው ከዛሬ በፊት ድምፄን እምብዛም ስለማታውቀው ነው። ሚስቴ ግን ታውቀኛለች፤ ሚስቴ አላወቀችኝም።

«ይገዙ ነኝ» አለ።

ከዚያ ከበሩ ወዲያ የኤልሳቤት ትንፋሽ ተሰማው፣ ቆርቆሮው ላይ ተጠግታ።

«ይገዙ እንዲህ አይናገርም» አለች ቀስ ብላ። «ይገዙ በመሃል ይቆማል። ትንፋሽ ያጥረዋል።»

መቀርቀሪያው ተነሣ። እጆቿ ደረቱን አገኙ፣ ከደረቱ ወደ አንገቱ ወጡ፤ ፕላስተሩ ላይ ቆሙ፣ ዙሪያውን ዞሩ፣ ደግመው ዞሩ።

«አንተ ነህ» አለች። «በጌታ፣ አንተ ነህ። ልጆች ሳለን እንዲህ ነበር የምትናገረው። ቀስ በቀስ ስለሄደ መሄዱን አላወቅኩም፤ ያ ልጅ መቅረቱን እንኳ ረስቼው ነበር።»

ኦቦ ጎበና፣ የሚያዩት እሳቸው ብቻ ነበሩና፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

«ተናገር» አለችው ኤልሳቤት፣ እጇን ከጉሮሮው ላይ ሳታነሣ።

«ምን ልናገር?»

«የፈለግከውን። ብቻ አታቁም።»

ይገዙ አየሩን ሳበና ከጠዋቱ ጀመረላት።